ቦርዱ ሲግል

የኢንተርኔት ድርጅቱ ሠራተኛ የፋይበሩን ጫፍ ግድግዳው ላይ አስሮ፣ አንድ ነጭ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እንደወጣ እታለም፣ «ይኼን ሳጥን ሰክተን እንረፍ» አለች።

እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ የማታውቃቸውን ሰዎች አቤቱታ ስትሰማ ትውላለች። ቢሮዋ ሳሎናችን፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ናት። የድሮው የመዳብ መስመር በደንበኛ ወሬ መሃል እየጣላት ስለሄደ አለቃዋ፣ «ከእንግዲህ አንዴ ቢቋረጥ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ብሏታል። እኛ ቤት ደሞዝ የሚባል ነገር የሚያውቀው የእሷን ስም ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ የቤቱን ራውተር የሠራሁ ሰው ነኝ። ገዝቼ አላመጣሁትም፤ ቦርዱን ራሴ ነድፌ ራሴ በየድኩት። የት እንደተማርኩ ለሚጠይቀኝ፣ «ሰው ከጣለው ዕቃ» እላለሁ። የሰፈራችን ጠጋኝ አይቶት፣ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ሲለኝ፣ «የለም፣ ዝናብ ዘንቦ በቅሎ ነው» ብዬዋለሁ።

«እታለም፣ የኔን እሰካለሁ» አልኳት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ወረቀቱም እኔ፣ ሞኙም እኔ። ታጠቢና ነይ።»

ፋይበር የሚያመጣው ብርሃን ነው፤ ቦርዴ የሚገባው ደግሞ ኤሌክትሪክ። ስለዚህ በመሃላቸው የሚያስታርቅ፣ አውራ ጣት የምታክል ብረት ለበስ መቀበያ አስቀድሜ ጨምሬበት ነበር። ከድርጅቱ ሳጥን ጎን የመቀበያዋንም መለያ ቁጥር በስልክ አስመዝግቤያለሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ «ራውተርሽ ምን ዓይነት ነው?» ብትለኝ፣ «የኔ ዓይነት» አልኳት። አልሳቀችም።

የፋይበሩን ጫፍ በአልኮል ጠርጌ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ጥቂት አሰብ አደረገችና በራች። ስልኬ ላይ ድረ ገጾች ዓይን ሳይጨፈን ይከፈታሉ። እልል ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን ስንት ሌሊት የተጠራቀመ እንቅልፍ ዓይኔ ላይ ተቀምጦ ለእልልታ የሚሆን ትንፋሽ አላስተረፈልኝም።

«ሠራ?» አለች እታለም ከመታጠቢያ ቤት።

«ድሮስ?»

ይኼን እንዳልኩ መቀበያዋን በጣቴ ነካሁ። እጄን አቃጠለችኝ። ወዲያው መብራቶቹ ሁሉ ድርግም አሉና ቦርዱ እንደ አዲስ መነሳት ጀመረ። ምክንያቱን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገኝም። ኃይል የሚያከፋፍለውን ክፍል የመረጥኩት ለመዳቡ ዘመን ነው። መቀበያዋ ስትግል ከሚችለው በላይ ኃይል ትስብበታለች፤ እሱም እንደ ደከመው ተሸካሚ መንገድ መሃል ቁጭ ይላል።

ቦርዱ ተነሳ። አረንጓዴዋ እንደገና በራች፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

እታለም ፊቷን እያደረቀች መጣች። አላየችም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም ብል፣ ማራገቢያውንም ባዞርበት፣ ምናልባት ይውል ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ማዳመጫውን ከመድፋቷ በፊት ጆሮዋን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችው፤ ገና ሥራ ሳትጀምር።

«ልግባ?» አለችኝ።

ምናልባት በሚባል ነገር ላይ የሰው እንጀራ አይሰቀልም።

«ቆይ» አልኩና ፋይበሩን ከቦርዴ ነቅዬ ነጩ ሳጥን ላይ ሰካሁት። ወዲያው ሠራ። ያ ነው ያናደደኝ።

እታለም ሳጥኑን አየች፤ እኔን አየች። ማዳመጫዋን ደፍታ ሥራዋን ጀመረች። አንድ ሰውዬ ይጮኹባታል፤ እሷ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ይቅርታ ጋሼ» ትላለች። መስመሩ አንዴም አልተነቃነቀ። እኔ ወለሉ ላይ ቦርዴን ታቅፌ ተቀመጥኩ። አሁንም ይሞቃል፣ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ።

ሰውዬው ጮኸው ሲጨርሱ የድምፅ ማጥፊያውን ተጫነች።

«ሞተ እንዴ?»

«ደክሞት ነው።»

«እንደኛው ነዋ።» ዞር ብላ አየችው። «መብራቱ ሲበራ ግን ከመታጠቢያ ቤት ሰምቼሻለሁ። ‹ድሮስ› ስትዪ።»

«ተይኝ እስቲ።»

«እሁድ አልገባም። ያን ቀን መልሰሽ ስኪው። ቢፈልግ ይጥፋ፣ ቢፈልግ ይጭስ፤ እኔ እተኛለሁ። ሰኞ ጠዋት እየሠራ ካገኘሁት ሳጥኑ ይሂድ።»

«ካልሠራስ?»

«ሌላ እሁድ የለም እንዴ?»

ስልኩ ጠራ። «እንደምን አደሩ፣ ምን ልርዳዎት?» አለች፤ ድምጿ ያልደከመው ሰው ድምፅ ሆኖ።

ቦርዱን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ተነቅሎ የሚወጣው ያ ኃይል አከፋፋይ ነው፤ ከሁሉ አሳምሬ የበየድኩት እሱን ነበር። መበየጃውን ሰካሁና ግድግዳውን ተደግፌ እስኪግል ጠበቅሁ።