ባለቤተሰቡ

ጋሽ ሊፍት ውሸት አያውቅም ነበር። ዕድሜ ልኩን ሊፍት ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ያልጠገነውን «ጠግኜዋለሁ» ቢል ሰው በሁለት ፎቅ መሐል ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ ብቻ ዋሸ፤ እሱም ጣጣ አመጣበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብና የደም ሥር በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞች፣ ብቸኝነት ልብን ይጎዳ እንደሆነ ለማወቅ፣ የደም ግፊት ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ይከታተሉ ነበር፤ ብቻቸውን የሚኖሩት በአንድ ወገን፣ ባለቤተሰቦቹ በሌላው። ከጥናቱ የተላከችው ሲስተር መጀመሪያ ቤቱ መጥታ «ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» ስትለው፣ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደህና አደርክ የሚለው የሌለው ሰውዬ ዓይኑን ሳያሽ «ከልጄ ጋር» አላት። ልጁ እንኳ አግብታ ርቃ ከሄደች ቆይታለች፤ ትዝ ሲላት ትደውላለች። ኩራት ነው እንግዲህ፣ ምን ይደረግ!

ከዚያ ወዲህ ሲስተሯ በየወሩ ትመጣለች። መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቅልላ ታስርለታለች፤ መሣሪያው ቀንና ሌሊት በራሱ እየተነፋ ግፊቱን ሲለካ ያድርና በማግስቱ መጥታ ትፈታለታለች።

«ጨው ቀነስን ጋሼ? እግራችንንስ አፍታታን?»

«ከጨው ጋር እንኳ ተኳርፈናል» ይላታል፤ ትስቃለች።

ያቺን ሳቅ ወር ሙሉ ይጠብቃታል። ልትመጣ ስትል ጢሙን ይላጫል፣ ቤቱን ይጠርጋል፣ የልጁን አሮጌ ጃኬት በሩ ላይ ይሰቅላል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የሱ ግን እያደር ከበደው።

አንድ ቀን ጠዋት ሲስተሯ መለኪያውን ልትፈታ መጥታ፣ ቁጥሮቹን ደጋግማ አየች።

«መድኃኒቱን በትክክል ይውጣሉ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ታዲያ ምን ጉድ ነው? ከባለቤተሰቦቹ ሁሉ አልወርድ ያለው የእርስዎ ብቻ ነው። ሐኪሙ ግራ ገብቶታል፤ መድኃኒቱን ሊጨምርብዎት ነው።»

ጋሽ ሊፍት ነገሩ ገባው። እውነቱን ቢናገር፣ በውሸት የገባ ነውና ወደ ብቸኞቹ ወገን አያዛውሩትም፣ ከጥናቱ ይወጣል፤ ከጥናቱ ከወጣ ሲስተሯ በሩን አታንኳኳም። ዝም ቢል ደግሞ ያልሆነውን ሰው ሆኖ ሊታከም ነው፤ ይባስ ብሎ በሱ የተበላሸ ቁጥር ሌላው ሕመምተኛ ሊመከር ነው። የተበላሸ ሊፍት ላይ ሰው ጭኖ አያውቅም። እውነቱን ተናገረ።

«ልጄ እዚህ አትኖርም። ማንም አይኖርም። ብቻዬን ነኝ።»

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«እንግዲህ ከጥናቱ መውጣትዎ ነው፣ ጋሼ። ሕክምናዎ አይቋረጥም፤ እርስዎ ሐኪም ቤት ይመጣሉ፤ እኔ ግን...»

«ገብቶኛል፣ ልጄ።»

ሲስተሯ እንደገና ቁጥሮቹ ላይ አቀረቀረች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ግፊትዎ ልክ ገብቶ ነበር። መምጣት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ምን እያደረጉ ነበር?»

ጋሽ ሊፍት አሰበ።

«ትናንት... አዎ፣ ቆጣሪ የሚያነብ ሰውዬ መጥቶ ነበር። የጎረቤቴን ቤት ፈልጎ ተሳስቶ ነው እኔን ያንኳኳው። ዝናብ ያዘውና እስኪያባራ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ።»

«ምን አወራችሁ?»

«ምንም። እሱ ስልኩን ይነካካል፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።»

ሲስተሯ የመለኪያውን ማሰሪያ ያዘች፤ ቶሎ ግን አልፈታችውም፤ እዚያው ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።