ስምንት ብለሽ ጻፊው

አጥናፉ በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የጻፈው ያን ቀን ጠዋት ነው። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት አንዲት ቅጽ ይሞላል፤ «ስንት ሰዓት ተኙ?» ትላለች። መልሱ ሁልጊዜ ስምንት ነው። ከስድስት በታች የጻፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሱ ሲመለስ ደግሞ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ባልደረባው እዚያው ተጎልቶ ይውላል። ታዲያ ማን ጨክኖ ይጽፋል? እያዛጉ ስምንት የሚጽፉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ሰማዩን የሚጠብቁልን።

እሱ ራሱ ያሠለጠናት ሳምራ ግን ባለፈው ወር እውነቱን ልትጽፍ ነበር። ካዛንቺስ ጎረቤቷ ሞተው ሁለት ሌሊት ከድንኳን አልወጣችም፤ ለቀስተኛ ስታስተናግድ፣ ሰሃን ስታጥብ ነው ያደረችው። ቅጹ ፊት እስክሪብቶ ይዛ ቆመች።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰዓት ነው የተኛሁት። ብመለስ ይሻላል መሰለኝ።»

አጥናፉ የፈረቃ ኃላፊዋ ነው። «ፍሬአብ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ አሁን ልጁን ሐኪም ቤት ሊወስድ ነው» አላት። «በቃ፣ ስምንት ብለሽ ጻፊው።»

ጻፈች። አምስት ሰዓት ላይ ሁለት አውሮፕላኖችን በአንድ ከፍታ ፊት ለፊት ላከች። ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ለጥቂት ተላለፉ። ሰው አልሞተም። የሥራ ፈቃዷ ግን ታገደ፤ ይመለስላት ወይስ ይነጠቅ የሚለውን የሚወስነው አጣሪ ኮሚቴ ነበር።

በኮሚቴው ዋዜማ አጥናፉ ሲገላበጥ አደረ። የጻፈችው እሷ፣ ያስጻፋት እሱ። ሲነጋ ቆረጠና ቅጹ ላይ «ሦስት» ብሎ ጻፈ። እንደ ደንቡ መለሱት፤ ከኦሎምፒያ ሚኒባስ ይዞ ካዛንቺስ ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቢሮ ደረሰ። ቀልሎት ነበር፣ የዋህ።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መብርሂት የሳምራን ቅጽ አነሡ። «ስምንት ይላል። የአንቺ ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ ነው።»

ወደ አጥናፉ ዞር እንኳ አላለችም። ልታጋልጠው አልፈለገችም፤ ይህ ከስድብ በላይ አንገበገበው። ተነሣ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳት። ሁለት ሰዓት ነው የተኛሁት ብላኝ ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ነው የምንጽፈው።»

ወይዘሮ መብርሂት ከአየር መቆጣጠሪያ ማማው የተላከውን የጠዋት ሪፖርት ገለጡ።

«አቶ አጥናፉ፣ እርስዎ እኮ ዛሬ ለሥራ ብቁ አይደሉም ተብለው ነው የተመለሱት። የተኙት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው።»

«እውነቱን ስለጻፍኩ ነው።»

«እኔም የምለው እሱኑ ነው» አሉ በርኅራኄ። «በዚህ ድካም የሰጡትን ቃል መመዝገብ ራስዎን መጉዳት ነው። ይሂዱና ይረፉ። እሷ ግን ስምንት ሰዓት ተኝታ ነው ያጠፋችው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የአጥናፉ ቃል ሳይመዘገብ ቀረ፤ የሳምራ ፈቃድ ተነጠቀ።

አጥናፉና ሳምራ ደረጃውን አብረው ወረዱ። መንገዱ ዳር ሲደርሱ ሳምራ ክንዱን ያዝ አደረገችው።

«ምነው ጋሼ» አለችው፣ «ዛሬን እንኳ ስምንት ብለው በጻፉ።»