በር ተዘግቶ የሚሠራው አሳ

«ተቀመጪ! ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ማዕድ ቤት ምን አላት?» ብለው ጎረቤቷ እትዬ ሙርሺዳ የጦይባን ክንድ ያዙ። ጎረቤቶች ያመጡት ሩዝና ሥጋ ጠረጴዛውን ሞልቶታል። ባሏ ተማም እዚሁ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ የሚባል ሰፈር ዕቃ አድርሶ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የስድስት ዓመት ልጃቸው ፈይሩዝ ከዚያ ወዲህ ከጁስ በቀር ምንም አልቀመሰችም።

«ማማ፣ የባባን አሳ» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም።

«የምን አሳ ነው የምትለው?» አሉ ሙርሺዳ።

ጦይባ ምን ትበል? ተማም ቮስሎሩስ ሰፈር ሱቅ ከመክፈቱ በፊት በአንዲት ኮሪያዊት ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥብ ነበር። ደረቅ አሳን ሶያ ሶስ በሚሉት ጨዋማ የአኩሪ አተር ማጣፈጫ፣ በስኳርና በነጭ ሽንኩርት ማብሰል የተማረው እዚያ ነው። እሑድ እሑድ እሷንም ልጁንም ከማዕድ ቤት አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ ይሠራል። «ወንድ ሆኖ ድስት ያማስላል እንዳይሉኝ፤ አደራ ለሰው እንዳትነግሪ!» ይላታል። እሷም እየሳቀችበት ትበላለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ በላች እንጂ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቀን አልጠየቀችም። አይ ጦይባ!

«ተማም ነበር የሚሠራላት» አለች በመጨረሻ፣ ሁሉም እየሰሙ። በሆዷ «ይቅር በለኝ» አለችው።

ለቅሶ የመጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ፈገግታዋን በሻሿ ሸፈነች።

«ታዲያ ንገሪኝና እኔ ልሥራላት» አሉ ሙርሺዳ።

«አላውቅም እኮ! ወላሂ አላውቅም!»

ሙርሺዳ ክንዷን ለቀቁ።

ጦይባ ማዕድ ቤት ገባች። አሳው የዕቃ ማስቀመጫው ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር፤ እንደ እንጨት ደርቋል። እጇ የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ የወጥ። ሽንኩርት አቁላላች፣ አሳውን ጨመረች፣ ሶያ ሶሱን ደፋችበት። አስቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ እንዳለበት ማን ይንገራት? የሚያውቀው ሰው አፈር ውስጥ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቢፈላም አልለሰለሰም፤ ጠቆረ፣ ጨው በጨው ሆነ። ውሃ ጨመረች፣ ስኳር ጨመረች። ምንም ብታደርገው የሚሆን አልሆነም። ምድጃው ላይ እንዳጎነበሰች አለቀሰች።

ያም ሆኖ ለልጇ አቀረበችላት። ፈይሩዝ ጎረሰችና ማኘክ ጀመረች። አኘከች፣ አኘከች፤ አልወርድ አላት።

«እንደ ባባ ነው?»

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«የስ» አለች በሞላ አፏ።

ጦይባ መዳፏን ከአገጯ ሥር ዘረጋችላት። «ትፊው፣ የኔ እናት። ግድ የለም፣ ትፊው።»

ፈይሩዝ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አፏን በሁለት እጇ ከድና ማኘኳን ቀጠለች።