በሞቴ ይቀመጡ!

የጉለሌው የእጽዋት ተመራማሪ ዓምሃ፣ ከእንጦጦ ዳገት የለቀማቸውን አገር በቀል ቅጠሎች በጋዜጣ መሃል አድርጎ የሚያደርቅበት መጭመቂያ ከተሰበረ ወዲህ፣ አክስቱን እትዬ የዓለምወርቅን ምሳ መጋበዝ አዘወተረ። እትዬ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። ሶፋው ላይ ጉብ ካሉ ከሶፋው ልብስ ሥር በጋዜጣ የተደበቀው ቅጠል ሁሉ ስስ ወረቀት መስሎ ይወጣል። ብድግ ሊሉ ሲሉ ዓምሃ «በሞቴ! ትንሽ ይቀመጡ እንጂ!» ይላል። እሳቸውም አዲሱ ገበያ ላለው ዘመድ ሁሉ «እንደ ዓምሃ ሰው የሚወድ አልተፈጠረም» እያሉ ያወሩለት ጀመር።

አንድ እሁድ ግን ስስቱ አሸነፈውና ኮሸሽላ አስገባ። ያንን እሾሃም! የተማረ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እትዬ ዘፍ ከማለታቸው «በስመ አብ!» ብለው ዘለሉ። ጋዜጣው ከነኮሸሽላው፣ ከነሶፋው ልብስ ቀሚሳቸው ላይ ተሰክቶ ቀረ።

«እትዬ፣ በሞቴ ይቀመጡ! ገና አልደረቀም!» አለ ዓምሃ፣ አፉ አምልጦት።

እትዬ ጋዜጣውን ከኋላቸው ነቅለው አዩት። እሱንም አዩት።

«ለካ በሞቴ፣ በሞቴ ስትለኝ የከረምከው ለዚህ ኖሯል!» አሉና ኮሸሽላውን ሶፋው ላይ መልሰው ዘረጉት። «በል አሁን አንተ ተቀመጥበት። በሞቴ!»