ሰባት የጨው ነጥቦች

ባሌ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ሲቀልድብኝ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ሞኟ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም የእኔ። የተጋባን ሰሞን የጻፍኩት ጥናት ነው። ዓለም ላይ ካለው ቁስ አብዛኛው አያበራም፣ አይታይም፤ መኖሩን የምናውቀው ከዋክብትን ሲስብ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ይህ ጨለማ ቁስ ከምን ዓይነት ቅንጣት እንደተሠራና ቅንጣቷ ምን ያህል እንደምትከብድ በስሌት ተነበይኩ። በእርሳስ መተንበይ ቀላል ነው፤ ፍለጋው የወደቀው በባሌና በባልደረቦቹ ላይ ነው። እነሱ በተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ወርደው፣ ዜኖን የሚባል፣ በቅዝቃዜ ፈሳሽ የሆነ ጋዝ የሞላበት በርሜል ይጠብቃሉ። ቅንጣቷ ካለች አንድ ቀን ከዜኖኑ ጋር ትጋጭና በርሜሉ ውስጥ ብልጭ ይላል።

ከዘመዶቼ ሥራዬ የሚገባው አባቴ ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የውሃ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ ከማጠራቀሚያው ወጥቶ ቤት ሳይደርስ የሚጠፋውን ውሃ ይፈልጋል። የብረት ዘንግ አስፋልቱ ላይ አቁሞ፣ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። አሁን ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። በየሳምንቱ ደውሎ «ያቺ የጠፋችው ተገኘች?» ይለኛል። በሕይወት እያለ «አዎ» ልለው እፈልጋለሁ። ከሽልማትም ከዝናም በላይ የምመኘው ይህን ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሰባት ብልጭታዎች ስክሪኑ ላይ ታዩ፤ ሰባቱም የእኔ ስሌት ባመለከተው ቦታ። ጮቤ ረገጥኩ።

ለካ ጮቤም ወግ አለው። ፈላጊ የሚመኘውን ማየት ስለሚወድ፣ ከቡድኑ አንድ ሰው እኛን ለመፈተን በምስጢር የሐሰት ብልጭታ መረጃው ውስጥ ይጨምራል። «ጨው» እንለዋለን። ማን እንደጨመረና ስንት እንደጨመረ በታሸገ ፖስታ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ ምንም ላይጨመር ይችላል። ፖስታው ሳይከፈት ለውጭ ሰው ትንፍሽ ማለት ነውር ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ቤት እንደገባሁ ስልኬን አነሳሁ።

«አባዬ፣ ተገኘች!»

ዕቃ ያጥብ ከነበረው ባሌ እጅ ሳህን አምልጦ ወለሉ ላይ ተንኮታኮተ።

«ምነው? ደስ አላለህም እንዴ?»

«ሳሙናው ነው» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

አባቴ በስልኩ ውስጥ ይስቃል፣ ያለቅሳል። «ያን ወረቀትሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ ግድግዳዬ ላይ እሰቅለዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር ሰምቶ ነበር። ባሌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥለት አለ። ቀናብኝ ብዬ ደመደምኩ፤ እንዲያውም ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

ፖስታው የተከፈተ ቀን አለቃችን መነጽሯን አስተካክላ አነበበች። «ሰባት።»

ሰባቱም ጨው ነበሩ። ወረቀቱ እጅ በእጅ ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ጽሕፈቱን አወቅኩት። በየሳምንቱ የአስቤዛችንን ዝርዝር የሚጽፈው እጅ ነው።

«አንተ! ዓይንህን በጨው አጥበህ ሦስት ሳምንት ከአንድ ማዕድ አብረኸኝ ተቀመጥክ?»

«ምን ላድርግ? ምያለሁ እኮ! ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው፤ ይኸው ፈጀኝ» ብሎ ቀበቶውን አሳየኝ። በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ሳቅ ቀደመኝ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አባቴ ትዝ አለኝ።

አብረን ሄድን። አባቴ ሙሉ ልብሱን አስተኩሶ፣ ለብሶ በር ላይ ቆሟል። ሳሎን ውስጥ ግድግዳው ላይ አዲስ ምስማር ተመትቷል። ምስማሩን ሳይ እንባዬ መጣ።

«አባዬ፣ የለችም። ጨው ነበር። ሳላረጋግጥ ነው የነገርኩህ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለኝ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞረ። «ማሽናችሁ ሰባቱንም ያዘ?»

«አንድም አላመለጠውም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እሷም እዚያ ብትኖር ማሽኑ ይሰማት ነበር።»

ሄዶ ከመሳቢያው የድሮ የውሃ መስመር ካርታ አወጣ። ካርታው ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በቀይ እርሳስ «ደረቅ»፣ «ደረቅ»፣ «ደረቅ» የሚል ጽሑፍ ከነቀኑ ሰፍሯል።

«ቆፍሬ ውሃ ያጣሁበት ነው» አለኝ። «መጀመሪያ አካባቢ አፍር ነበር። በኋላ ሳየው ግን፣ እኔ ደረቅ ያልኩትን መንገድ ሁለተኛ የቆፈረው ሰው የለም። ውሃው የሚፈስባትን፣ የቀረችውን ቦታ ያገኘሁት በዚህ ነው።»

የቀይ እርሳሱን ቁራጭ ዘረጋልኝ። ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ የአሥራ አራት ዓመት ወረቀቴን። ከርዕሱ በላይ «ደረቅ» ብዬ ቀኑን ጻፍኩበት። ባሌ «ሞኝና ወረቀት…» ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ቀረ።

አባቴ ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ምስማሩ ላይ ሰቀለው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ተመለከተው፣ ጠርዙን አቃና።

«በሉ እንውጣ» አለን ኮቱን እየቆለፈ። «ይህን ሁሉ አስተኩሼ ቤት አልቀመጥም። ቀጥሎ የት እንደምትቆፍሩ ምሳ እየበላን ትነግሩኛላችሁ።»