ባዛ እጁን ሲያወዛውዝ

ወይኔ፣ ያን ቅዳሜ ብሪዮኒን ብታዩዋት! አስራ አራት ዓመት በሞላት በማግስቱ አክስቷን ዴብን እየጎተተች የኖርም ጓሮ ስትደርስ እግሯ መሬት አይነካም ነበር እኮ። ኖርም ዌንትወርዝ የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣ ኤሊና እንሽላሊት የሚያረባ ሽማግሌ ነው። አባቷ ደውሎ «ለልደትሽ አንድ እንስሳ ምረጪ» ብሏታል። እሱ ሩቅ ምዕራብ ወርቅ ማዕድን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ሦስት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤት። እናቷና አባቷ ከተለያዩ ወዲህ ከባሕሩ ዳር ወጥታ አክስቷ ጋ ገባች። አራት ወር ሆናት። በአራት ወር ውስጥ ትምህርት ቤት «ነይ እዚህ ጋ ተቀመጪ» ያላት አንድ ሰው የለም። አንድ!

ስለዚህ እንስሳ አይደለም የፈለገችው። ሲያያት ደስ የሚለው ነገር ነው የፈለገችው። በቃ።

«እንደምን አደሩ አቶ ኖርም?»

«ኧረ በሕግ! አቶ የሚለኝ ፖሊስ ብቻ ነው። ኖርም በይኝ፤ አንተም በይኝ።»

አንድ ሳጥን ውስጥ አስራ ሁለት ጢማም እንሽላሊቶች ተደራርበው ተኝተዋል፤ እያንዳንዳቸው ከጣት ብዙም አይረዝሙም። ብሪዮኒ ጎንበስ ስትል ከዳር ያለው አንዱ ቀና አለ። ቀኝ እጁን አነሳ። ከዚያ ቀስ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሰው፣ አወዛወዘው።

«አክስቴ! አየሽው? ሰላም አለኝ! እኔን ነው እኮ!»

«ስለ እጁ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ...» ብሎ ጀመረ ኖርም።

ማን ሊሰማው! «ይሄን! ይሄን! ስሙ ባዛ ነው!» ብላ ወደ ኤሊዎቹ ገንዳ ሮጣለች። እዚያ ደግሞ አንዲት የስኒ ማስቀመጫ የምታክል፣ አንገቷ እባብ የመሰለ ኤሊ ብቻዋን ጥግ ይዛለች። ብሪዮኒ ብድግ ስታደርጋት ኤሊዋ የሆነ የሚገማ ነገር እጇ ላይ ለቀቀችባት።

«ውይ ውይ ውይ!» አለች ዴብ አፍንጫዋን ይዛ። «አስቀምጫት!»

«አክስቴ፣ ይቺንም።»

«አንድ ነው የተባልሽው።»

«ብቻዋን እኮ ናት!»

«ቤቴን ምን አደረግሽው አንቺ? የአራዊት ማቆያ?»

ኖርም ሳቀ። «አብረው እንዳይመስልሽ ደግሞ። እሱ በረሃ ነው፣ እሷ ወንዝ ናት። አንድ ሳጥን ውስጥ ከከተትሻቸው አንዱ ይሰምጣል፣ አንዷ ትደርቃለች።»

«ሁለት ሳጥን! አክስቴ፣ ሰሃን ዓመቱን ሙሉ እኔ አጥባለሁ!»

ዴብ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እንዲህ ዓይነት እንስሳ ቤት ለማቆየት የሚያስፈልገውን ፈቃድ በሷ ስም አወጡት፤ ኤሊዋም ፔግ ተባለች።

ከሰዓት ሙሉ ቤት ሲሠሩላቸው ዋሉ። ለፔግ ሰፊ የመስታወት ገንዳ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ ወጥታ የምትሞቅበት ግንድ። ለባዛ ደረቅ ሳጥን፤ በአንድ በኩል አምፖሉ የሚያቃጥል፣ በሌላ በኩል ቀዝቀዝ ያለ፣ እንዲመርጥ። ኖርም ያለው ሁሉ አንድም ሳይቀር ተደረገ። ከዚያ ብሪዮኒ ከራሷ አንድ ነገር ጨመረች። ሁለቱን ሳጥኖች መስታወት ለመስታወት አስጠጋቻቸው፤ እንዳይደብራቸው። አልጋዋንም ጎትታ አጠገባቸው አደረገች። ሦስት ሆኑ፣ በቃ!

ባዛ ደግሞ ጉድ ነው! ፔግ ስትዋኝ እጁን ያወዛውዛል። ብሪዮኒ ስትገባ ያወዛውዛል። እሷም ታወዛውዝለታለች። ቪዲዮ ቀርፃ ለታኒ ላከችላት፤ ታኒ የድሮ ሰፈሯ ጓደኛዋ ናት። ታኒ አንድ ልብ መለሰች። ለሁለተኛው ቪዲዮ ምንም። ሦስተኛውንማ ማየቷን እንኳ ስልኩ አላሳየም።

ትምህርት ቤት አንዷ «እሱ የሚሸተው የኤሊሽ ነው የራስሽ?» ስትላት ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። ብሪዮኒን ምን አገባት! ደወል ሲደወል እየሮጠች ቤት፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ቀኑን ሙሉ የሆነውን ለባዛ ትነግረዋለች። እሱም እጁን ያነሳል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ግን ለምግብ የተጣሉለት ፌንጣዎች ባዛ ጀርባ ላይ ይዘላሉ፣ እሱ ዞር ብሎ አያያቸውም። ከገባ ጀምሮ የበላው ሦስት ብቻ ነው። ጢም የሚባለው አገጩ ስር ያለው ቆዳ ጥቁር ብሏል። ዴብ ደንግጣ ኖርምን ጠራችው።

ኖርም ገባ፣ አየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማነው እንዲህ ያስጠጋቸው?»

«እኔ። እንዳይደብራቸው ብዬ።»

«እጁን ያወዛውዛል?»

«ቀኑን ሙሉ! በተለይ እኔን ሲያይ!»

«ስሚኝ ልጄ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰላምታ አይደለም። ‹ትንሽ ነኝ፣ አትንኪኝ› ማለቱ ነው።»

ብሪዮኒ መጀመሪያ ሳቀች። የሚቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቱን አየች።

«እ... ሲያየኝ ሁሌ?»

«ፈርቶሽ ነው። አንቺንም፣ ኤሊዋንም። ማምለጫ የለውማ።»

ኖርም የባዛን መስታወት በሦስት ጎን በካርቶን ሸፈነው። የፔግን ገንዳ ከዴብ ጋር ወደ ሳሎን አወጡት። «ምግቡን ጣይለትና ውጪ። አትዪው። አታዋሪው። እስከ እሁድ ካልበላ እኔ ጋ ይመለሳል፤ ይሞትብሻል አለበለዚያ።»

«ብቻውን አይደብረውም?»

«እሱ? ብቻውን ሲሆን ነው የሚመቸው።»

ማታ ብርድ ልብሷን ይዛ ሶፋ ላይ ተኛች። ሐሙስ አልበላም። አርብ አልበላም። አርብ ማታ አባቷ ደወለ፤ «ጓደኛሽ እንዴት ነው?» አላት። «ተኝቷል» አለች። ሌላ ልትነግረው አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቆረጠ። ቅዳሜም አልበላም።

እሁድ ጠዋት ዴብ ሥራ ገባች፤ የከተማዋ መዝናኛ ክለብ ወጥ ቤት ነው የምትሠራው። ብሪዮኒ ፌንጣዎቹን ጣለችለት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወጣች፣ በሩን ዘጋች። ኮሪደሩ ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። ኖርም በአራት ሰዓት ይመጣል። እጇ ወደ እጀታው ሄደ። አንዴ ብቻ፣ በቀዳዳ ብቻ! መልሳ እጆቿን ቂጧ ስር አደረገቻቸው።

ዝም። ዝም። የግድግዳ ሰዓት።

ቀርጭ።

ትንፋሿን ያዘች። ቀርጭ፣ ቀርጭ። ልትጮህ ነበር፤ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ለማን ልትነግር? ቤቱ ውስጥ ሰው የለም።

የኖርምን መኪና ስትሰማ በባዶ እግሯ ወጥታ ጠጠሩ ላይ በጣቶቿ እየረገጠች ሮጠች።

«ቀስ! በሩን አታጋጨው! እየበላ ነው!»

«አየሽው?»

«አላየሁትም!» አለች፤ እየሳቀች ነው እንባዋ የወረደው። «ሰማሁት።»

ኖርም ቤቱን አየ፣ እሷን አየ። «እንግዲህ ያንቺ ሆነ። እስከ ከሰዓት ግን ክፍሉ እንዳትገቢ።»

«እሺ።»

መኪናዋ አቧራውን አስነስታ ሄደች። ብሪዮኒ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከትናንት የተረፈ፣ ሥጋ የተሞላ ፓይ ፍሪጅ ውስጥ ነበር፤ ቀስ ብላ ገብታ ቀዝቃዛውን ይዛ ተመለሰችና በላችው፣ የጥርሷ ድምፅ ለባዛ እንዳይሰማው ቀስ አድርጋ እያላመጠች።