ዳርሊን ጋሼ ነጋሽን ያዘፈነችበት እሁድ

አዝማሪዬ ቬጋስ ሠርግ አገኘሁ ብሎ እሁድ ጠዋት ከዳኝ። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ከፍተህ እሁድ ከሰዓት ደንበኞችህን «ሙዚቃ የለም» በላቸው እስኪ! ልጄ ኤልዳና፣ «ማሚ፣ አታስቢ፣ ጓደኛዬን ኮል አደርጋታለሁ» አለችና ዳርሊን ጃኮብስ የምትባል ረጅም ሴት ጊታርና ትንሽ ከበሮ ይዛ መጣች። ሞሃውክ ናት። አገሯ ኒው ዮርክና ካናዳ የሚዋሰኑበት ነው፤ ፈረንጅ ሳይመጣ እዚያው የነበሩ ሕዝቦች ናቸው።

«አንድ ሁለት የአማርኛ ዘፈን ብትሞክሪስ?» አልኳት።

«የራሴን ነው የምዘፍነው፣ በቋንቋዬ» አለችኝ ቁርጥ አድርጋ። «እሱም የጨዋታውን ብቻ። የጸሎታችንን መድረክ ላይ አላወጣም።»

ይሄስ ገባኝ፤ እኛስ ቅዳሴ ምግብ ቤት ውስጥ እናዜማለን እንዴ? ግን ፈራሁ። እሁድ እሁድ የማይቀሩት ሽማግሌው ደንበኛዬ ጋሼ ነጋሽ ካልወደዷት ተነስተው ይወጣሉ። እሳቸው ከወጡ ወዳጆቻቸው ሁሉ ተከትለዋቸው ማዶ ካለው ምግብ ቤት ይገባሉ፤ ከዚያ ወዲያ የእኔ እሁድ አበቃለት ማለት ነው።

ዳርሊን ጀመረች። ከበሮዋ ውስጥ ውሃ አለ፤ ስትመታው ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። ቀጥላ ጊታሩን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካችና ያንኑ ዜማ ሮክ አደረገችው። ወጣቶቹ ብድግ አሉ። ጋሼ ነጋሽ ግን አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና እጃቸውን አነሱ።

«ተቀበይ!»

በስመ አብ! ለአዝማሪ ግጥም መስጠት የለመዱ ሰውዬ፣ አማርኛ የማታውቅ ሴት እንኳ አያልፉም!

«ጊታርሽ የፈረንጅ፣ ከበሮሽ ያገር ልጅ፣
እስኪ ንገሪኝማ፣ እንግዳ ነሽ ወዳጅ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኤልዳና ሮጣ ተረጎመችላት፤ አዝማሪ የተሰጠውን ተቀብሎ እንደሚዘፍንም ነገረቻት። ዳርሊን ከት ብላ ሳቀች።

«እዚህማ እኔም እንግዳ ነኝ፤ ሎስ አንጀለስ የነባሮቹ የቶንግቫ ሕዝቦች አገር ነው» አለች በማይኩ። «የእኔ አገር ስትመጡ ግን በር የምከፍትላችሁ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ኤልዳና ቃል በቃል እያቀበለቻት ግጥሙን ዘፈነችው። አማርኛው ቢንገዳገድም ዜማው ቀጥ ብሎ ቆመ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ ግን አልጨረሰችም። ኤልዳናን በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻትና ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«ጋሼ ነጋሽ፣ ተቀበሉ!» አለችና በራሷ ቋንቋ አንድ ስንኝ ሰጠቻቸው።

እሳቸው ይሰጣሉ እንጂ ከማንም ተቀብለው አያውቁም። ወንበራቸውን ገፍተው ሲነሱ፣ «አለቀልኝ!» አልኩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዘፈኑ! አበላሹት። ዳርሊን «ኖ» ብላ ደገመችላቸው። አሁንም አበላሹት። «ኖ!» ሰዉ በሳቅ ሲፈርስ እሳቸው እልህ ያዛቸው፤ እስኪያስተካክሉት አልለቀቀቻቸውም።

«ምንድን ነው ያስባለችኝ?» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ።

ኤልዳና ጠይቃ መጣች። «‹ከሩቅ መጥተሃል፤ ደክሞሃል፤ ግባና ተቀመጥ› ነው፣ ጋሼ።»

ጋሼ ነጋሽ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ይሄን ሁሉ ዘመን እዚህ አገር ታክሲ ስነዳ» አሉ፣ «አንድም ሰው ግባ ብሎኝ አያውቅም።»

«ተቀመጥ» ቢባሉም አልተቀመጡም።

«በይ ድገሚው፣ ልጄ፤ በደንብ ልያዘው።»